ሁለተኛው ገጽ

ሙኑኪ፣ ጁባ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ጋብ ብሏል። በአገራቸው አዋላጅ ነርስ የነበሩት እትዬ ከረከቦታቸው ፊት ተቀምጠው፣ ከባሕር ዳር በስልክ የመጣ የፓቶሎጂ ወረቀት ያያሉ።

— የአክስቴ ነው እትዬ። ማህፀኗ ከወጣ በኋላ የተላከልን። «ግሬድ 3፣ ደረጃ 1» ይላል። ሦስቱ ያስፈራል፣ አንዱ ያጽናናል። የቱን ልመን?

— ሁለቱንም እመኚ። ደረጃ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ነው፤ ግሬድ ጠባዩ ነው፣ ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ።

— ከማህፀን ካልወጣ ጠባዩ ምን ያደርጋል?

— ሳይታይ አምልጦ እንደሆነስ! የማህፀኑን ጡንቻ ምን ያህል ሰርስሮ ገብቷል ይላል?

— «ከግማሽ በታች።»

— ተመስገን። ግማሽ ካለፈ ወደ ንፍፊቶች የመሻገሩ ዕድል ይጨምራል። ዓይነቱስ?

— «ኢንዶሜትሪዮይድ።»

— በብዛት የሚታየው እሱ ነው፤ ኤስትሮጅንና ውፍረት ይመግቡታል። «ሴረስ» የሚባለው ዓይነት ግን ትንሽ ሆኖም ይሰደዳል። ደግሞ ይህን ወረቀት በአሮጌው የደረጃ ቆጠራ ነው የጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ግሬድ 3 ሆኖ ጡንቻ የነካ፣ ከማህፀን ባይወጣም ደረጃ 2 ነው።

— ባሰባት ማለት ነው?

— ዕጢው ያው ነው ልጄ፣ የተለወጠው ቆጠራው ነው። ደግሞ መልክም ያታልላል። ፖል የሚባለው ጂን የተበላሸበት ዕጢ ሲያዩት አስፈሪ ነው፤ ፍጻሜው ግን ከሁሉም ያማረ። ፒ53 የተበላሸበት ነው ክፉው። ይህን የሚለየው የዘረመልና የፕሮቲን ምርመራ ነው። ደም ያየችው መቼ ነበር?

— ካረጠች በስድስተኛው ዓመት። «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ ሳቀች፤ ስምንት ወር ደበቀችን።

እትዬ ስኒውን አስቀመጡት።

— ካረጡ ወዲያ ጠብታም ብትሆን ያስመረምራል። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ካንሰር አይገኝባቸውም፤ አሥረኛዋን ግን ሳይመረምሩ ማን ይለያታል? እዚህ ብትሆን ደግሞ ለጨረር ሕክምና ካምፓላ፣ ሙላጎ ድረስ ነበር መንገዷ። በይ፣ ስለ ደም ሥርና ስለ ሊምፍ ቱቦ የሚለውን አንብቢልኝ። ሕዋሱ እዚያ ገብቶ ከታየ መመለሱን ያሰጋል።

— እሱ የለም እትዬ።

— ንፍፊትስ? ተወስዶ ታይቷል ወይ?

— እሱም የለም። ታች «ገጽ 1 ከ2» ይላል።

— እንዴ! ታዲያ ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ ደውይላቸዋ።