ደም ሥር አመልካች መሣሪያን ለሥራ ማብቃት

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ገንዘቡን ከመፍታቱ በፊት ብዙ ነገር ይመረምራል። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ይነካል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፣ «ቀንበር ለምዷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምቶ በሬ የሚነዳ የለም። አዲስ የሕክምና መሣሪያም ወደ ገበያ ሲወጣ እንዲሁ መመርመር አለበት። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በሬው ሰነፍ ቢሆን የሚጎዳው እርሻ ነው፤ መሣሪያው ሰነፍ ቢሆን ግን የሚጎዳው የታመመ ሰው ነው።

በዚህ ትምህርት ደም ሥር አመልካች ስለሚባለው መሣሪያ እንማራለን። በመጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። በመጨረሻም አንድ የወጣቶች ማኅበር እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ በላስታ ሥራ ላይ ለማዋል ቢነሣ ምን ምን ማቀድ እንዳለበት እንመለከታለን።

1. መሣሪያው ለምን አስፈለገ?

ተቅማጥና ትውከት የያዘው ልጅ ከሰውነቱ ብዙ ውሃና ጨው ይወጣል። ልጁ መጠጣት የሚችል ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። ይህን በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትሰጣለች። መርፌም መሣሪያም አያስፈልግም።

ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ግን ጊዜ የለም። ፈሳሹ በደም ሥር መግባት አለበት። ሕዝቡ ይህን «ጉልኮስ ተሰካለት» ይላል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሚታዘዘው መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም በጥቂት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውሃ ያለቀበት ሰውነት ደም ሥሩ ይሟሽሻል። ደም ሥር ይበልጥ የሚጠፋው ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው። በአዲስ የተወለደ ሕፃን፣ በወፍራም ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ታሞ ብዙ በተወጋ ሰው ላይም እንዲሁ ማግኘቱ ያስቸግራል። ነርሷ አንድ ጊዜ ትወጋለች፣ ይስታታል። ሁለተኛ ትወጋለች፣ ይስታታል። በያንዳንዱ ሙከራ አንድ ካኑላ ይጣላል፣ ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ ትጨነቃለች፣ ደቂቃው ይሄዳል።

2. እንዴት ይሠራል?

በጨለማ የእጅ ባትሪ አብርተን መዳፋችንን ብንሸፍንበት እጃችን ቀልቶ ይታያል። ይህም ቀይ ብርሃን ከሌላው ብርሃን ይልቅ ሥጋን ዘልቆ ማለፍ እንደሚችል ያስረዳል። ከቀይ ቀጥሎ ደግሞ የሰው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን አለ። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሠራው በዚሁ ብርሃን ነው። ሪሞቱን ስንጫን ዓይናችን ምንም አያይም፤ ብዙ የስልክ ካሜራዎች ግን ብልጭታውን ያሳያሉ።

ደም ሥር አመልካች ይህን ብርሃን በክንድ ላይ ያበራል። ቆዳና ሥጋ ብርሃኑን በትነው ብዙውን ይመልሱታል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ግን ይመጠዋል። ስለዚህ በመሣሪያው ካሜራ ሲታይ ደም ሥሩ ጥቁር መስመር ይሆናል። አንዳንዱ መሣሪያ ይህን ሥዕል መልሶ በቆዳው ላይ ያሳርፈዋል፤ ነርሷም መስመሩን በሕመምተኛው ክንድ ላይ ተሥሎ ታገኘዋለች።

መሣሪያው ልክ አለው። የሚያሳየው ለቆዳ ቅርብ የሆነውን፣ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ደም ሥር ነው። ከዚያ የጠለቀውን አያሳይም። መርፌውን የሚያስገባው መሣሪያው ሳይሆን እጅ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩም መሣሪያው ለሁሉም ሕመምተኛ የመጀመሪያውን ሙከራ እንደማያሳካ፣ ይበልጥ የሚረዳው ደም ሥራቸው አስቸጋሪ በሆነ ሕፃናት ላይ መሆኑን አመልክተዋል። ይህን ማወቅ ለገዢም ለሻጭም ይጠቅማል።

3. በሌላ አገር እንዴት ጀመረ?

በአሜሪካ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ዜማን የተባሉ ተመራማሪ ይህን አሳብ ወደ መሣሪያ ለወጡት። በሜምፊስ ከተማ የተቋቋመው ሉሚኔቴክስ የተባለ ኩባንያም ቬይንቪወር በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። መጀመሪያ የወጣው በጎማ እግር የሚገፋ ትልቅ መሣሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ አኪዩቬይን የተባለው ሌላ ኩባንያ በአንድ እጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራ ይዞ መጣ። የሁለቱም ዋጋ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ወለሉ ለስላሳ በሆነ ሆስፒታል የሚገፋ መሣሪያ ይመቻል። መብራት በሚጠፋበትና ነርሷ ከክፍል ክፍል በምትሮጥበት ጤና ጣቢያ ግን በእጅ የሚያዘውና በባትሪ የሚሠራው ይሻላል። መሣሪያ ለሚሠራበት ቦታ ተብሎ መሠራት አለበት።

4. ማኅበሩ ምን ያቅድ?

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። በድንጋይ የሚገነባ ሰው ሲሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ የፈለፈለ ሰው ግን የቆረጠውን መልሶ አይለጥፍም። ስለዚህ መስኮቱና ዓምዱ የት እንደሚሆን አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት። መሣሪያ ወደ ሕሙማን ክፍል ማስገባትም እንዲሁ ነው።

ሀ. መቁጠር። ነርሶችን «መሣሪያው ይጠቅማል ወይ?» ብንላቸው በይሉኝታ «አዎ» ይሉናል። ይልቅስ ለአንድ ወር አብረን እንቁጠር። ስንት ሰው ጉልኮስ ተሰካለት? ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ ተሳካ? ስንቱ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ተወጋ? ከመቶው ሦስቱ ብቻ ከተቸገሩ ገንዘቡ ወደ ሌላ ጉዳይ መሄድ አለበት። ሠላሳው ከተቸገሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሣሪያው የሚወዳደረው ከሌላ ኩባንያ ጋር ብቻ እንዳልሆነም አንርሳ። ከጎማ ማሰሪያ፣ ክንድን ወደ ታች ከማንጠልጠል፣ በሞቀ ጨርቅ ከማሞቅና ከሠለጠነ ጣት ጋር ይወዳደራል። እነዚህ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይገኛሉ።

ለ. በራሳችን ቆዳ ላይ መሞከር። በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አለ። በፈረንጆች 2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ይህ መሣሪያ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ጊዜ መሆኑን አስረዳ። መሣሪያው ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ የኖረ ነው። ኢንፍራሬድ በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ከሚታየው ብርሃን ይልቅ በቀላሉ ያልፋል፤ ቢሆንም «ይሠራል» ማለት የሚቻለው በላስታ ሕፃናትና አረጋውያን ክንድ ላይ ከተሞከረ በኋላ ነው። ሙከራውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የወላጅ ስምምነት ይጠይቃል።

ነርሷ ለእናት የምትሰጠው ማብራሪያ እንኳ መታቀድ አለበት። ለምሳሌ፦

«ልጄ፣ ይኼ የምታበሪበት ነገር አያቃጥለውም?»

«አያቃጥልም እናቴ። እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ ደም ሥሩን ያሳየኛል። ዓይኑን ብቻ በነጠላሽ ሸፈን አርጊልኝ። ካልፈለግሽ ደግሞ እንደ ድሮው በእጄ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያስ ይሁን፣ እግዜር ይርዳሽ።»

ሐ. ፈቃድ ማግኘት። በአገራችን የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሥራው የተመሠረተው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። መሣሪያዎች ሊያስከትሉት በሚችሉት ጉዳት መጠን በደረጃ ይመደባሉ፣ ይመዘገባሉ። ማኅበሩ አዲስ ነገር ፈጥሮ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፈጠራ መብት መጠየቅ ይችላል። የፈጠራ ባለመብትነት ዘመን 15 ዓመት ነው። ቀድሞ የታወቀውን አሳብ ግን የራስ አድርጎ ማስመዝገብ አይቻልም።

መ. ገዢውን መለየት። የሚጠቀመው፣ የሚወስነውና የሚከፍለው አንድ ሰው አይደለም። የሚጠቀሙት ነርሶች ናቸው። የሚወስነው የተቋሙ ኃላፊና ቦርድ ነው። የሚከፍለው ከወረዳ በጀት ወይም ከተቋሙ የውስጥ ገቢ ነው። ጤና ኬላ ጉልኮስ የሚሰካበት ቦታ ስላልሆነ ለጤና ኬላ መሣሪያውን መሸጥ የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው። ቦታው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ በጀቱ ካለቀ በኋላ በግንቦት ድግስ ደግሶ መሣሪያ ማስመረቅ ጭብጨባ እንጂ ገዢ አያስገኝም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የብዙ ሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት መሣሪያ ተዘርፏል፣ ተሰባብሯል። አልጋና ኦክስጅን ለጎደለው ሆስፒታል «መጀመሪያ የኔን ግዙ» ማለት አይገባም።

ሠ. ሒሳቡን መሥራት። ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። አንዱን መሣሪያ ለመሥራት 30,000 ብር ይፈጃል፤ የሚሸጠው በ40,000 ብር ነው። ለሙከራ፣ ለምዝገባና ለሥልጠና አስቀድሞ 600,000 ብር ወጥቷል። ከአንዱ የሚተርፈው 10,000 ብር ስለሆነ ወጪውን ለመመለስ 600,000 ሲካፈል ለ10,000፣ 60 መሣሪያ መሸጥ አለበት። በአንድ ወረዳ ያሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተደምረው 60 አይሞሉም። ስለሆነም ማኅበሩ ከመጀመሪያው ዞኑንና ክልሉን ማሰብ ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ከያንዳንዱ 5,000 ብር ለጥገና ይቀመጥ እንበል። የሚተርፈው 5,000 ብቻ ይሆናል፤ መሸጥ ያለበትም ከ60 ወደ 120 ያድጋል። ብዙ ሻጭ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የጥገናውን ገንዘብ ከሒሳብ ቢያወጣው ወረቀቱ ያምራል፤ መሣሪያው ግን በሁለተኛው ዓመት መጋዘን ይገባል።

ረ. ጥገናና ሥልጠና። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጆች 2011 ባወጣው ጽሑፍ ወደ ታዳጊ አገሮች በእርዳታ ከሚላከው የሕክምና መሣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 30 በመቶ ብቻ መሆኑን ገልጿል። መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ከጠፋ፣ ኤሌክትሪኩም የማይስማማ ከሆነ መሣሪያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በላሊበላ የተበላሸ መሣሪያ በጋሸና በኩል ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ ወይም አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ሳምንት ይፈጃል? ባትሪው በአገር ውስጥ ይገኛል? መስታወቱን በአልኮል የሚጠርገው ማነው? ነርሷ ወደ ሌላ ቦታ ስትዛወር ተተኪዋን ማን ያሠለጥናል? ማኅበሩ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሶ ከመሣሪያው ጋር ማስረከብ አለበት።

5. በትንሹ መጀመር

ዘመናዊ ቀፎ የሚሞክር ንብ አርቢ ንቦቹን ሁሉ በአንድ ቀን ከባሕላዊው ቀፎ አያወጣም። በአንዱ ወይም በሁለቱ ጀምሮ ማሩን ያያል። ማኅበሩም በአንድ ሆስፒታልና በሁለት ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ ለስድስት ወር እየመዘገበ ይቆይ። በመጀመሪያው ወር ከተቆጠረው ጋር አስተያይቶ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወጋው ሰው ከቀነሰ ይስፋ። ካልቀነሰ መሣሪያውን ያሻሽል፤ ወይም «ይህ ለዚህ ቦታ አልሆነም» ብሎ በግልጽ ይናገር። እንዲህ ብሎ የሚናገር ሻጭ ሌላ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ይታመናል።

ለማጠቃለል፣ የአዲስ መሣሪያ ገበያ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከሕመምተኛው ክንድ ነው። ስንት ሰው እንደሚቸገር ያልቆጠረ፣ በአገሩ ሰው ላይ ያልሞከረ፣ ለጥገና ያላስቀመጠ እቅድ ለሻጩ ኪሳራ ነው። ለወረዳው የባከነ በጀት፣ ለልጁ ደግሞ ያለፈ ሰዓት ነው።

የቃላት ፍቺ

ካኑላ፦ ጉልኮስና መድኃኒት እንዲገባበት በደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ።
ሄሞግሎቢን፦ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ ንጥረ ነገር።
የውስጥ ገቢ፦ ጤና ተቋሙ ከአገልግሎቱ ሰብስቦ ለራሱ ሥራ የሚያውለው ገንዘብ።

ጥያቄዎች

1. 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በጽኑ ውሃ ቢያልቅበት ስንት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልገዋል?
2. ደም ሥር በመሣሪያው ሲታይ ለምን ጥቁር መስመር ይሆናል?
3. መሣሪያው በ45,000 ብር ቢሸጥና ለጥገና 5,000 ብር ቢቀመጥ፣ 600,000 ብር ለመመለስ ስንት መሣሪያ መሸጥ አለበት?
4. ለመወያያ፦ በአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሥራ ያቆመ መሣሪያ ካለ ያቆመው ለምንድን ነው? ከመገዛቱ በፊት ምን ቢጠየቅ ኖሮ ይሻል ነበር?