ዲኤንኤ ቢጠይቁሽ፦ ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ሴት ልጅሽንና ያሳደግሽውን የወንድምሽን ልጅ ወደ አሜሪካ ለማምጣት ፋይል ልታስገቢ ነው አሉኝ። ስትደውዪ ደግሞ ቶሎ ብለሽ የጠየቅሽኝ «ዲኤንኤ ቢሉኝስ?» ብለሽ ነው። ለሰው ቅጽ ስሞላና ሳስተረጉም ስለኖርኩ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ያዢ።

1. ተጠየቅሽ ማለት ተሰደብሽ ማለት አይደለም። አገራችን ልደትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነሐሴ ወር ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ አብዛኛው ሰርተፍኬቱን የሚያወጣው መንገድ ሲያስብ ነው። ቆንስሉ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ባለፈው ወር የተጻፈ የልደት ወረቀት ይዞ ሲቀርብ ያያል፤ ቢያመነታ አልፈርድበትም። ስለዚህ አስቀድመሽ የክርስትናውን ወረቀት፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ካርዱን፣ የሐዋላ ደረሰኙን፣ የድሮውን ፎቶ ሰብስቢ። የዲኤንኤ ምርመራው የሚመጣው እነዚህ አልበቃ ሲሉ ነው። ምርመራውን የሚጠይቀው የቆንስሉ ደብዳቤ «በፈቃድሽ» ይላል። ሌላ ማስረጃ የሌለው ሰው እምቢ ካለ ግን ጉዳዩ እዚያው ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ፈቃድ ፈቃድ ማለት ይከብደኛል።

2. የወንድምሽን ልጅ «ወለድኩት» ብለሽ አትጻፊ። የማሳደግሽን ያህል እውነት ነው ብለሽ እንደምታምኚ አውቃለሁ። ወንድምሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጁ ከእቅፍሽ ሌላ እናት አያውቅም፤ «እማዬ» የሚለው አንቺን ነው። በእኛ ቤት የሟች ልጅ ሜዳ ላይ አይወድቅም፣ ማንም ቅጽ አስሞልቶ አያስረክብም። ላቦራቶሪው ግን ይህን አይጠይቅም። እናትና ልጅ የዘር ቅንጣታቸውን ግማሽ ይጋራሉ፤ አክስትና የወንድም ልጅ በአማካይ ሩቡን። ኤምባሲው ለወላጅና ልጅ የሚፈልገው 99.5 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፤ ሩቡ ግማሽ መስሎ አያልፍም።

አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ የወንድማቸውን ልጅ ከሕፃንነቱ ያሳደጉ፣ ልጄ ብለው ያስመዘገቡ። የዲኤንኤው ውጤት ሲመጣ እንድተረጉምላቸው ጠሩኝ። ወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። የአባትነት ዕድሉ ዜሮ ነው አልኳቸው። መልሰው ጠየቁኝ፤ መልሼ ያንኑ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የመጣባቸው ጣጣ ሁሉ ልጁን ከማሳደጋቸው ሳይሆን ከጻፉት ቃል የመጣ ነበር። የውሸት ቃል አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ የሌሎቹንም ልጆች ጉዳይ ያጠለሸዋል።

ሕጉ ለአሳደግሽው ልጅ በር አለው፤ ጠባብ ነው። ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መፈጸም አለበት፣ ሁለት ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነትሽ ሥር መቆየትና ሁለት ዓመት አብራችሁ መኖራችሁም መረጋገጥ አለበት። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክላለች። ላንቺ ምን በር እንደቀረልሽ ለጠበቃው ሙሉውን እውነት ነግረሽ ጠይቂ። እንጀራ ልጅ ቢሆን ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ ጋብቻው ልጁ 18 ሳይሞላው የተፈጸመ ከሆነ ሕጉ ያለ ደም ይቀበለዋል። መንግሥት ሲፈልግ ከደም ውጭ ያለውን ዝምድና ማየት እንደሚችል ከዚህ እወቂ።

3. «ሁሉም ያደርገዋል» የሚልሽን አትስሚ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካኖቹ ናይሮቢ ላይ ወደ 500 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሶማሌና ኢትዮጵያውያን የሆኑ የስደተኛ ቤተሰብ አመልካቾችን መረመሩ፤ ከዚያም አዲስ አበባንና ሌሎች የአፍሪካ ከተሞችን ጨመሩ። የተባለው ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ለምርመራ ሳይቀርቡ የቀሩትና እምቢ ያሉት እንደወደቁ ተቆጥረዋል፣ ይህን አትርሺ። ከነዚያ ውስጥ ቦታ የሸጡ ነበሩ። የሞተ ጎረቤት ልጅ ያሳደጉም ነበሩ። ምርመራው ሁለቱን አልለየም። የስደተኛ ቤተሰብ የሚመጣበት ፕሮግራም ተዘግቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቅምት ነው፣ ያውም ዲኤንኤ ግዴታ ሆኖ። በነዚያ አራት ዓመታት የገዛ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች በማያውቁት ሰው ውሸት ቁጭ ብለው ቆዩ። እኔ ግን መንግሥትንም ነጻ አላወጣም፤ ያሳደገውንና የሸጠውን በአንድ ቁጥር መደመር ፍርድ አይደለም።

4. የተጠየቅሽውን ብቻ አስመርምሪ። ሴት ልጅሽን የምታመጪው አንቺ ነሽ፤ የሚፈለገው ያንቺና የእሷ ናሙና ነው። አባቷን «ከደረሰን አይቀር» ብለሽ አታስገቢ። ላቦራቶሪ ማንም ያልጠየቀውን ምስጢር ከቤት ያወጣል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለ ሕግ ሲያወጡ ምርመራውን በእናት በኩል ብቻ የገደቡት ይህን ፈርተው ነው፤ ከዚያም ሥራ ላይ ሳያውሉት ተዉት። የአባትነት ጉዳይ የግድ የሆነበት ሰው ደግሞ፣ ሌላው ሊሆን የሚችለው አባት ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ከሆነ ለላቦራቶሪው አስቀድሞ ይንገር፤ ካልተነገረ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል።

5. ደላላ አታስጠጊ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራበትንም የምርመራ ኪት አትግዢ። ቆንስሉ ሳይጠይቅሽ አትጀምሪ። ሲጠይቅሽ ኤ.ኤ.ቢ.ቢ. የተባለው ድርጅት ካጸደቃቸው ላቦራቶሪዎች አንዱን ትመርጫለሽ፣ ትከፍያለሽ፤ የናሙና መውሰጃው ዕቃ በቀጥታ ወደ ኤምባሲው ይሄዳል፣ ውጤቱም ከላቦራቶሪው በቀጥታ። በመሃል እጅሽ የሚገባ ነገር ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

6. ለልጅቷ ምን እንደሚደረግ አስረጂያት። ደም አይቀዳም። ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት የጉንጯን ውስጥ ያሻሹታል፣ ያልቃል። አንዲት አሮጊት በጾም ቀን ተቀጥረው «አፌ ውስጥ ነገር ገብቶ ጾሜ ይፈርሳል?» ብለው የንስሐ አባታቸውን አስጠይቀው ነበር። ከናሙናው በፊት መብላትና መጠጣት ስለማይፈቀድ፣ እንዲያውም ከሁሉም ተዘጋጅተው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ግን ስታድግ የምትጠይቀው ይህን አይደለም፤ «ለምን አላመናችሁኝም?» ነው። መልሱን አሁን ስጫት፦ ያልታመነው ወረቀቱ ነው።

7. ናሙናው ለምን እንደሚውል ጠይቂ፣ ከጉዳይሽ ውጭ ለሚውል ነገር አትፈርሚ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2009 ሶማሌ ነኝ የሚል ጥገኝነት ጠያቂ በእውነት ሶማሌ ይሁን ኬንያዊ ወይም ኢትዮጵያዊ በምራቅና በፀጉር እንለያለን ብለው ተነሥተው ነበር። ሞያሌን ያየ ሰው ይስቃል፤ ድንበሩ በሁለት ወንድማማች ቤት መካከል ያልፋል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ተቃወሟቸውና ሐሳቡ ቀረ።

8. የወንድምሽ ልጅ እውነቱን ካንቺ ይስማ፣ ፋይሉ ከመግባቱ በፊት። በስልክ አይሁን ልልሽ ነበር፤ ግን መሄድ ካልቻልሽ በቪዲዮ ይሁን፣ አያትሽ አጠገቡ ተቀምጣ። የአባቱን ፎቶ ታሳየው። «እህትህ አስቀድማ ትመጣለች፣ ያንተን መንገድ ጠበቃው እያየው ነው» በዪው፤ ያልሆነውን ቀን አትቁረጪለት። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱን ክፍያ እንደ ወትሮው ላኪ፣ እሑድም ስትደውዪ መጀመሪያ እሱን አነጋግሪው።