ለቤት የሚሆን የሥጋ መፍጫ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ለምንቸት አብሽና ለሳምቡሳ የሚሆን ሥጋ ቤቴ መፍጨት እፈልጋለሁ። የተዋስኩት የእጅ መፍጫ ግን ሥጋውን እያላቆጠ አስቸገረኝ። አቅሜን የማይጎዳ ምን ልግዛ?
አንባቢ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሥጋው የሚላቁጠው ብዙውን ጊዜ ስለቱ ሲደንዝ ወይም ተገልብጦ ሲገጠም ነው። የስለቱ ጠፍጣፋ ገጽ ቀዳዳ ባለው ሳህን ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። ጅማትም ጠመዝማዛው ላይ እየተጠመጠመ መንገድ ይዘጋል፤ የሞቀ ስብም ይለጠፋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ስለቱን አስተካክለው ይግጠሙ፤ ጅማቱን አውጥተው ሥጋውን በትንንሹ ይቁረጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ካቆዩት በኋላ ይሞክሩት።

መግዛት ካስፈለገ፣ በአንዴ ኪሎ ሁለት ኪሎ ለሚፈጭ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው የእጅ መፍጫ ይበቃል፤ ዋጋው ይቀላል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ማሰሪያው እንዲገጥም የጠረጴዛዎን ውፍረት ለክተው ይሂዱ። ስለቱና ሳህኑ የሚፈታ፣ መለዋወጫውም የሚገኝ ይሁን። የብረቱ ዓይነት እንዳይዝግ እንደታጠበ ይድረቅ፤ የምግብ ዘይትም ይቀቡት።

የኤሌክትሪኩን ከመረጡ፣ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የተጻፈው ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ሊሆን ስለሚችል መደበኛውን ዋት ይመልከቱ። አጥንት አያስገቡ፤ ሥጋውንም በጣትዎ ሳይሆን በመግፊያው ይግፉ።

የተፈጨ ሥጋ ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ ውስጡ ድረስ ያብስሉት፤ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ጥሩ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ምልክቱን ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ማሽኑ የመቃጠል ሽታ ካመጣ ወይም ከነዘረዎት ከሶኬቱ ነቅለው ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩት።