መልቲሜትሩ 14 ቮልት እያሳየ የሄልሜቱ መስታወት ለምን አይሞቅም?

ዛሬ ከኮድ ትንሽ ወጣ ብለን ሽቦ እንነካካለን። እዚህ ሚኒሶታ በክረምት ስኖውሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተር የሚነዱ ሰዎች፣ የፊት መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሄልሜት ያደርጋሉ። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እርጥብና ሞቃት የሆነው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ እዚያው ይጋገራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ለሁለት ሰከንድ ካላየ 44 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መስታወት እንበለው እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ወይም በጣም የቀጠነ ሽቦ አለው። ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ባለ 12 ቮልት መስመር ተነስቶ፣ በፊውዝ አልፎ፣ ከድሮ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ በምናውቀው ክብ የአርሲኤ መሰኪያ ይደርሰዋል።

አንድ ወዳጄ «አልሞቅ አለኝ» ብሎ ሲያማክረኝ መጀመሪያ ያደረግነው ጊት ባይሴክት የሚያደርገውን ነው፤ ችግሩን ለሁለት መክፈል። ሄልሜቱን የሌላ ሰው ስኖውሞቢል ላይ ሰካነው፤ ሞቀ። ስለዚህ ሄልሜቱ ነጻ ወጣ። እዚያም ባይሞቅ ኖሮ የገመዱንና የመስታወቱን ኦም እንለካ ነበር፣ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ እያጠፍን። ጭንቅላት በዞረ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ ውስጡ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ቀጥሎ የወዳጄን ስኖውሞቢል ውጭ እንዳለ አስነሳነው (ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም)። ፊውዙ ደህና ነው። ሶኬቱ ላይ መልቲሜትሩ 14 ቮልት አሳየ። «መብራቱማ አለ!» አለኝ።

አለ፣ ግን አይሠራም። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የራሱ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ሚሊዮን ኦም ነው፤ ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። መንገዱ ላይ 4 ኦም የሚሆን ዝገት ቢኖር እንኳ አይታየውም። መስታወቱ ግን ይታየዋል። የመስታወቱ ሬዚስታንስ 8 ኦም ነው እንበል። መስመሩ ንጹህ ከሆነ 14 ለ 8 ሲካፈል 1.75 አምፒር ይሆናል፤ ሙቀቱም ወደ 24 ዋት። የ4 ኦሙ ዝገት ሲጨመር ግን 14 ለ 12 ስለሚሆን ከረንቱ ወደ 1.17 አምፒር ይወርዳል፣ መስታወቱ ጋ የሚደርሰውም ሙቀት ወደ 11 ዋት፣ ማለትም ከግማሽ በታች። በአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተፈተነ ሰርቨር ሺህ ሰው ሲገባበት የሚሆነውን የምታውቁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም።

ስለዚህ ጭነት ሰጥተን ለካን። ለዚህ የመኪና ፍሬን መብራት አምፖል ይበቃል። ባለ 21 ዋቱ በ12 ቮልት 1.75 አምፒር ስለሚወስድ ከመስታወቱ ጋር ይቀራረባል። አምፖሉን ስናገናኝ 14 የነበረው ወደ 9 ቮልት ወረደ! አምፖሉ እንደበራ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሶኬቱ መሃል ላይ አደረግን፤ የጠፋው ቮልት ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በኔጌቲቩ በኩል ስንለካ ግን ወደ 5 ቮልት የሚጠጋው እዚያ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ፖዘቲቩን ነው የሚጠረጥረው። የኔጌቲቩ ሽቦ ከብረቱ አካል ጋር የታሰረበትን ቡሎን ፈትተን አየነው፤ አረንጓዴ ዝገት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን አጥብቀን አሰርነው፤ አምፖሉ በርቶም 13.7 ሆነ።

ባትሪ የሌለው ስኖውሞቢል ላይ ሞተሩ ካልተነሳ ምንም ቮልት አታገኙም። ፊውዝ ከተቃጠለ በልኩ ብቻ ቀይሩ፤ ከፍ ያለ ካስገባችሁ የሚቃጠለው ከአንገታችሁ ሥር ያለው ገመድ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም መስታወቱ ጉም ከለበሰ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ተዉትና በሄልሜቱ ውስጥ ያለውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እዩ፤ ፊት ላይ በደንብ ካልገጠመ ትንፋሹ በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል።