የዳይስ ዕድልና የሥነ ምግባር አጣብቂኝ በሚና ጨዋታ ውስጥ

የፕሮባቢሊቲን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከዳይስ ጋር ሳይተዋወቅ አያልፍም። በሉዶ ጨዋታ የምናውቀው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሲጣል እያንዳንዱ ገጽ የመውጣት ዕድሉ 1/6 ነው ብለን እንጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ከበደው ስሌት እንገባለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ዳይሱን ይዘን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንሄዳለን። አንድ ሰው አስቦበት የወሰደው ውሳኔ ትክክል ወይም ስሕተት መባል ያለበት በምንድን ነው? ከውሳኔው በኋላ ዳይሱ ባወጣው ቁጥር ምክንያት ፍርዳችን ሊለወጥ ይገባልን? ጥያቄው የፈላስፎች ቢመስልም በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ አንድ የጨዋታ ዓይነት ውስጥ በቁጥር ልንመረምረው እንችላለን።

ጨዋታው ለብዙ አንባብያን እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ባጭሩ እናስተዋውቀው። የሚና ጨዋታ ይባላል። በይበልጥ የታወቀው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። የዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ1824 ለፕሩሲያ መኮንኖች ማሠልጠኛ እስከቀረበው፣ በካርታና በዳይስ እስከሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ድረስ ይመዘዛል። በጨዋታው አንድ መሪ የምናባዊውን ዓለም ሁኔታና በውስጡ ያሉትን ፍጥረታት ይተርካል፤ ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ ተዋጊ ወይም አስማተኛ ወይም ሌባ ሆነው፣ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ የተጫዋቾቹ ውሳኔ የሚፈጥረው ታሪክ ብቻ አለ።

ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ከአንድ የተማሪዎች ቡድን ጋር ቅዳሜ ማታ ይህን ጨዋታ እንጫወት ነበር። አራት ተጫዋቾችና አንድ መሪ ነበርን። በአንዱ ምሽት ገጸ ባሕርዮቻችን ከአንዲት 40 ነዋሪዎች ካሏት መንደር ተጠልፈው የተወሰዱ ሦስት ሰዎችን ለማስለቀቅ ወደ አንድ ዋሻ ሲገሠግሡ፣ መንገድ ላይ ጎብሊን የሚባለውን በተረት የታወቀ ድንክ ፍጥረት ማረኩ። የተዋጊውን ሚና የያዘው ጓደኛችን «መሣሪያህን ብትጥል አንገድልህም» ብሎ ቃል ሰጥቶት ነበርና ጎብሊኑ እጁን የሰጠው ያንን አምኖ ነው። አሁን ምን እናድርገው? ይዘነው ወደ ዋሻው ብንገባ ጮኾ ያጋልጠናል። አስረን ብንተወው አውሬ ይበላዋል። የቀሩት መግደልና መልቀቅ ናቸው። መሪው ግልጽ ሰው ስለ ነበር ዕድሉን አስቀድሞ ነገረን፤ ጎብሊኑ ከተለቀቀ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ከ1 እስከ 3 ከወጣ ለወገኖቹ ተናግሮ መንደሯን ያስወርራል፤ ከ4 በላይ ከወጣ ግን ፈርቶ ዝም ይላል።

አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ የተዋጊው ቃል አሸነፈና ለቀቅነው። ዳይሱ ተጣለ፤ 2 ወጣ። መንደሯ ተቃጠለች፤ አሥራ አንድ ሰዎች ሞቱ ተባለ። ሞታቸው የወረቀት ላይ ሞት ነው፤ በጓደኛችን ላይ የተነሣው ቁጣ ግን የእውነት ነበር። «አንተ ነህ ያስፈጀሃቸው» የተባለው ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነበርና በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ።

እስኪ ነገሩን እንመርምረው። ከ1 እስከ 3 የመውጣቱ ዕድል 3/20፣ ማለትም 15 በመቶ ነው። ይኸው ክርክር፣ ያው ውሳኔ በሃያ ጠረጴዛዎች ላይ ተደግሟል ብለን ብናስብ በአማካይ በአሥራ ሰባቱ መንደሯ በሰላም ታድራለች፤ ተዋጊውም ቃሉን አክባሪ ተብሎ ይመሰገናል። በሦስቱ ያው ሰው ያንኑ ተናግሮ፣ ያንኑ አስቦ፣ ነፍሰ ገዳይ ይባላል። በሃያዎቹ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ የተንከባለለበት መንገድ ብቻ ነው።

ፈላስፎች ይህን የሥነ ምግባር ዕድል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል በዚሁ ርእስ በጻፏቸው ሁለት ጽሑፎች ጉዳዩን በሰፊው አንሥተውታል። ኔግል ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መንገዱ ላይ ልጅ ካልገባ ቸልተኛ ብቻ ይባላል፤ ልጅ ከገባ ግን ሕይወቱን ሙሉ የሚከተለው ጸጸት ይሸከማል። ቸልተኝነቱ ግን በሁለቱም አንድ ነው። በመኪናው ምሳሌ ላይ ችግሩ ዕድሉን በቁጥር አለማወቃችን ነው። በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ዕድሉ ከውሳኔው በፊት በይፋ ተነግሯል፤ ስለዚህ ውሳኔውንና ውጤቱን ለያይቶ ማየት የሚቻልበት ንጹሕ ላቦራቶሪ ይሆንልናል።

ይህን ስንል ጓደኛችን ከነቀፌታ ሁሉ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። ከዳይሱ በፊት ሊቀርብበት የሚገባ ክርክር ነበር፤ ቀርቦበትማል። የከፋውን ወስደን ወረራው 40ውንም ነዋሪዎች ያጠፋል ብንል 0.15 × 40 = 6 ይሆናል። በአማካይ ስድስት ሰው ለአንድ ጎብሊን! የፊዚክስ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ እኛም በዚያ ምሽት እንደዚያ ነበር የመሰለን። ነገር ግን ስሌቱ ለተሰጠው ቃል ምንም ዋጋ አልሰጠም። እጁን የሰጠ ምርኮኛ በቡድናችን ዘንድ እንደሚገደል ከታወቀ ከእንግዲህ ማን እጁን ይሰጣል? ስሌቱ ያላስገባው ነገር ሁሉ ዋጋው ዜሮ ነው ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ምሕረትን ደንብ አድርጎ መያዝም የራሱ ስሌት አለው። በእያንዳንዱ ምርኮኛ ላይ 15 በመቶ አደጋ ቢኖር አምስት ምርኮኞችን በተከታታይ የለቀቀ ቡድን ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥፋት የመድረሱ ዕድል 1 − (0.85)⁵፣ ማለትም 56 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ሲታይ ትንሽ የሚመስለው አደጋ ልማድ ሲሆን ከግማሽ በላይ ይሆናል። የዳይሱንም ዓይነት መጠየቅ ይገባል። በባለ ሃያ ገጽ ዳይስ 1 የመውጣቱ ዕድል 5 በመቶ ነው፤ ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ተጥለው ቢደመሩ ግን ዝቅተኛው ድምር፣ 3፣ የሚወጣው ከ216 አንድ ጊዜ፣ ማለትም 0.5 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ነው። መሪው «በጣም መጥፎ ዕድል ካልገጠማችሁ በቀር» ሲል በየትኛው ዳይስ እንደሆነ ሳይጠይቁ መወሰን በጭፍን መወሰን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያመለጠን ነገር ግን ሌላ ነው። 15 በመቶውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀበልነው። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረቡት ዝነኛ ምሳሌ፣ ማቆም ያቃተው የትራም ነጂ አምስት ሠራተኞች ካሉበት ሐዲድ አንድ ሰው ብቻ ወዳለበት ሐዲድ ከመዞር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ምሳሌው ሆን ተብሎ የተዘጋ ነው። የጨዋታ ጠረጴዛ ግን የተዘጋ አይደለም። ተጫዋች መሪውን «መንደሯ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተመልሶ ነዋሪዎቹን ቢያስጠነቅቅና ወደ ጫካ ቢያሸሻቸው ኖሮ ጎብሊኑ ቢናገርም የሚቃጠለው ባዶ ቤት ነበር። ዋጋው የአንድ ቀን መዘግየት ነው፤ ለተጠለፉት ሦስት ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ሊመዘን ይገባው ነበር። ከአራታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ጥፋታችን ይህ ነበር እንጂ መልቀቃችን አልነበረም። ዳይሱ 17 አውጥቶ ቢሆን ኖሮም ጥፋቱ ያው ነበር፤ ግን ማንም አያየውም ነበር።

ስለ ሁለት ማምለጫዎችም ጥቂት እንበል። የመጀመሪያው «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ምን ላድርግ» የሚለው ነው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ተጫዋቹ ራሱ ስለሆነ ምክንያቱን ለማንም አንቀበልም። ሁለተኛው ከጨዋታው ደንብ የሚመጣ ነው። የ1974ቱ እትም ፍጥረታትን በሥርዓት፣ በገለልተኝነትና በትርምስ ወገን ይመድብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ደግነትንና ክፋትን ጨምሮ ምድቦቹን ዘጠኝ አደረሳቸው። ብዙ ተጫዋቾችም «ጎብሊን በደንቡ ክፉ ተብሏል» እያሉ አጣብቂኙን በመዝገብ ዘግተውታል። ይሁን እንጂ ጋይጋክስ ራሳቸው በጻፉትና «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» በተባለው የታወቀ የጀብዱ መጽሐፍ ውስጥ የነዚህ ፍጥረታት ዋሻዎች የማይዋጉ ሴቶችና ግልገሎችም አሉባቸው። ግልገሎቹን ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ስንቱን ቡድን እንዳጨቃጨቀ የተጫወተ ያውቀዋል። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስትም እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ኦርክና ድሮው ያሉ የምናብ ሕዝቦችን በጅምላ ክፉ አድርጎ ማቅረብን እንደሚያርም አስታውቋል። መዝገቡ ሲከፈት ጥያቄው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።

ጓደኛችንን መኖሪያ ክፍሉ ድረስ ሄደን ስሌቱን በወረቀት አሳየነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ምርኮኛ እጃችን ገባ፤ ዕድሉም ተመሳሳይ ነበር። በዚህ ጊዜ ሌባው ወደ ቅርቡ ሰፈር ሮጦ እንዲያስጠነቅቅ ላክነው፤ ሙሉ ቀን ጠበቅነው። ከዚያ ዳይሱ ተጣለ፤ 14 ወጣ። ምርኮኛው ለማንም አልተናገረም፤ ወራሪም አልመጣም። ከመካከላችን አንዱ ቀኑ በከንቱ ባከነ ብሎ አጉረመረመ። በዚያ ቀን ውስጥ እንከታተላቸው የነበሩት ሽፍቶች ወንዙን ተሻግረው ስለ ነበር እነርሱን ለመድረስ ሌላ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።