ክሩፕ ስለሚባለው የሕፃናት የጉሮሮ በሽታ፤ አደጋውና ሕክምናው

ወላጆችን በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰው ከሚያስደነግጡት የሕፃናት በሽታዎች አንዱ ክሩፕ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአብዛኛው ቀላል ሆኖ በጥቂት ቀን ይድናል፤ ነገር ግን ጠንክሮ ሲመጣ በጊዜው ካልታወቀና ተገቢውን ሕክምና ካላገኘ ትንፋሽ ዘግቶ ሊገድል ይችላል። ከዚህም ሌላ ከበሽታው ይልቅ ለበሽታው መድኃኒት ነው ተብሎ የሚደረገው ነገር ሕፃኑን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የበሽታውን ምክንያት፥ ምልክቱን፥ ሊደረግ የማይገባውንና ሕክምናውን በየተራው እንገልጻለን።

የበሽታው ምክንያት

ክሩፕ ማለት የማንቁርትና ከማንቁርት በታች ያለው የትንፋሽ ቧንቧ ማበጥ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን ዋነኛው ፓራኢንፍሉዌንዛ ይባላል። ይኸው ቫይረስ ትልቅ ሰውን ወይም ተማሪ ልጅን ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ከተራ ጉንፋን አያልፍም፤ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያለውን ሕፃን ሲይዝ ግን ክሩፕን ሊያስከትል ይችላል።

የዚህ ልዩነት ዋና ምክንያት የቧንቧው ጥበት ነው፤ መምህራንም በሰሌዳ ላይ ክብ ሥለው ሊያስረዱት ይችላሉ። የሕፃኑ ቧንቧ ዲያሜትር 4 ሚሊሜትር ነው ብንል፥ ውስጡ ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ የሚቀረው ዲያሜትር 2 ሚሊሜትር ይሆናል። የክብ ስፋት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር የሚመጣጠን ስለ ሆነ፥ አየር ከሚያልፍበት ቀዳዳ ከአራት እጅ ሦስቱ ተዘጋ ማለት ነው። ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ ግን ያው እብጠት ከግማሽ የሚበልጠውን ቀዳዳ ክፍት ይተወዋል። እንግዲህ ለታላቁ ልጅ ሳል ብቻ የሆነው ነገር ለታናሹ መታፈን የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ምልክቶቹ

በመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ቀን የአፍንጫ ፈሳሽና መጠነኛ ትኩሳት ይታያል። ከዚያም ድምፁ ይጎረንናል፤ የውሻ ጩኸት የመሰለ ደረቅ ሳልም ይጀምረዋል። ይህ ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይበረታል፤ ሲነጋም ቀለል ይላል። እንዲህ እያለ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ከቆየ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይተዋል።

ወላጆች ከሳሉ ይበልጥ በጥንቃቄ ሊያዳምጡ የሚገባቸው ሕፃኑ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የሚሰማውን ሻካራ ድምፅ ነው። ድምፁ ሕፃኑ ሲያለቅስ ወይም ሲሯሯጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ በሽታው ገና ቀላል ነው። ሕፃኑ ዝም ብሎ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚሰማ ከሆነ ግን ቧንቧው በጣም ጠብቧልና ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፥ መጥባት ወይም መጠጣት ቢያቅተው፥ ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ቢፈዝዝ አደጋው እጅግ የቀረበ ነው። ሲታገል የቆየ ሕፃን ደክሞ ድምፁ ሲቀንስ ተሻለው ብሎ መደሰት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ድምፁ የቀነሰው የሚገባው አየር ስለ ቀነሰ ሊሆን ይችላልና።

ክሩፕን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች

በኤዲንብራ ከተማ የነበረው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም በ1765 እ.ኤ.አ. ስለ ክሩፕ መጽሐፍ በጻፈበት ዘመን ይህ በሽታና ዘጊ አናዳ ወይም ዲፍቴሪያ የሚባለው አልተለዩም ነበር። ዲፍቴሪያን ለይቶ ስም የሰጠው በ1826 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሐኪም ብረቶኖ ነው። ዲፍቴሪያ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በጉሮሮ ላይ ግራጫ ሽፋን ያበጃል፤ መርዙም ልብን ይጎዳል። ስለዚህ የተለየ ፀረ መርዝ መድኃኒት ያሻዋል።

እንደዚሁም ጉንፋን ሳይቀድመው፥ ሲበላ ወይም ሲጫወት በድንገት የታነቀ ሕፃን ባቄላ ወይም ሽምብራ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ገብቶ ይሆናል። ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት፥ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረበረብ ሕፃን ደግሞ ሌላ ብርቱ የጉሮሮ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ወዲያውኑ ሐኪም የሚያሻቸው ናቸው።

ስለ እንጥል መቁረጥ

ሕፃን ሲታፈን እንጥሉ ወርዷል ወይም ሊፈነዳ ነው በማለት ወደ ቆራጭ የመውሰድ ልማድ አለ። ነገር ግን እንጥል በአፍ ውስጥ በላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለ ሥጋ ነው፤ በክሩፕ ጊዜ የሚጠብበው ደግሞ ከዚያ በታች ያለው የማንቁርት ቧንቧ ነው። ስለዚህ እንጥልን መቁረጥ የጠበበውን ቧንቧ ከቶ ሊከፍተው አይችልም። ይልቁንም ደም ያፈስሳል፥ ቁስሉ ያመረቅዛል፥ ባልጸዳው መቁረጫም መንጋጋ ቆልፍና ሌላ በሽታ ሊገባ ይችላል።

ታዲያ ተቆርጦ የዳነ ልጅ አይተናል የሚል አይታጣም። መልሱ ይህ ነው፤ ክሩፕ በባሕርዩ በሌሊት በርትቶ በማለዳ የሚቀል፥ በሦስተኛውም ቀን የሚተው በሽታ ነው። ሌሊቱን የተቆረጠው ሕፃን ባይቆረጥም ኖሮ ሲነጋ ይሻለው ነበር፤ ምስጋናውን ግን ቆራጩ ይወስደዋል። በሽታው የጠናበት ሕፃን ግን ሐኪም ቤት ሊያደርሱት የሚችሉትን ሰዓቶች በቆራጭ ደጅ ያባክናል።

በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ማባበል ነው፤ ልቅሶ የጠበበውን ቧንቧ ይብስ ያጠብበዋልና። እናቱ ቀና አድርጋ በጭኗ ትያዘው። ጡት ወይም ውሃ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። ትኩሳት ካለው በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሰጥም። የከሰልና የማገዶ ጢስ ካለበት ክፍል ማውጣት ያስፈልጋል።

በማንኪያ ጉሮሮውን ከፍቶ ለማየት መታገል፥ ጣት ማስገባት ወይም ቅቤ ማዋጥ አይገባም። ባሕር ዛፍ አፍልቶ በእንፋሎት ማጠንም ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ የፈላ ውሃ ግን ሕፃናትን ያቃጥላል።

የሐኪም ቤት ሕክምና

ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ይባላል። በክብደት ተለክቶ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ በአፍ ይሰጣል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም እብጠቱን ያበርዳል። በጠናበት ሕፃን ላይ አድሬናሊን በጉም መልክ ያስተነፍሱታል፤ የዚህ ኃይሉ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ስለሚያልቅ ሕፃኑ ተሻለው ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይመለስም። እጅግ ሲብስ ኦክሲጅን ይሰጠዋል፥ በትንፋሽ ቧንቧውም መተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ቫይረስን አንቲባዮቲክ ስለማይገድለው ለተራ ክሩፕ ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ መስጠት ጥቅም የለውም።

መከላከያውና የመምህራን ድርሻ

ለክሩፕ ቫይረስ እስካሁን ክትባት የለም። ለዲፍቴሪያ ግን ሕፃናት በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት አለ፤ ክሩፕን ሊያስከትል ለሚችለው ለኩፍኝም በ9 እና በ15 ወራቸው ይከተባሉ። በአገራችን መደበኛው የክትባት ሥራ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ተማሪ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚገባው ጉንፋን በቤት ላለው ሕፃን ክሩፕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው ሲያስሉ አፋቸውን በክንዳቸው እንዲሸፍኑ፥ ታናናሾቻቸውንም ከማቀፋቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ያስተምሯቸው። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም እንዲያነቡላቸው አደራ እንላለን። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሹ ሻካራ ድምፅ የሚያሰማ ሕፃን የሚወሰደው ወደ ቆራጭ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት መሆኑን፥ ይኸውም ሳይነጋ መሆኑን ይንገሯቸው።