የሰርኪዩት ሲሙሌሽን ሥራዎች መከታተያ መመሪያ

ጥያቄ፦ የሰርኪዩት ሲሙሌሽን ሥራዎችን የሚከታተል ሶፍትዌር ያዘጋጀ ቡድን የመጠቀሚያ መመሪያውን ከምን ቢጀምር ይሻላል?

መልስ፦ እያንዳንዱ የሥራ ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ በማስረዳት ቢጀምር ይመረጣል። ሲሙሌሽን የአንድን ሰርኪዩት ጠባይ በአካል ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ማስላት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነው ስፓይስ የተባለ የሲሙሌሽን ፕሮግራምና ተከታዮቹ መልሱን የሚያገኙት ግምታቸውን ደጋግመው በማረም ነው። መከታተያው «ተጠናቋል» ሲል ግን ፕሮግራሙ መቆሙን ብቻ እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ግምቶቹ ሳይቀራረቡ ስሌቱ ከተቋረጠ ውጤቱ ጎደሎ ነው። መመሪያው የፕሮግራሙን መቆምና የስሌቱን በትክክል መጠናቀቅ ካልለየ መሐንዲሱ የተቆረጠ ውጤት አምኖ ወደሚቀጥለው ንድፍ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከዚህ የከፋ የሰነድ ጉድለት የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ መከታተያው ምን ምን እንደሚመዘግብ መገለጽ አለበት፦ ኔትሊስቱ፣ ማለትም የሰርኪዩቱ ክፍሎችና ግንኙነታቸው የተዘረዘሩበት ፋይል፣ የትራንዚስተሮቹ ሞዴል ፋይልና የፕሮግራሙ ቅጂ ቁጥር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ተጠቃሚው ያልጻፋቸው ነባሪ እሴቶች ናቸው። ለምሳሌ ከስፓይስ ተከታዮች አንዱ የሆነው ኤንጂስፓይስ ሌላ ካልታዘዘ ሙቀቱን 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ የስህተት ወሰኑን 0.001 አድርጎ ይነሣል፤ እነዚህ በኔትሊስቱ ላይ ስለማይታዩ መከታተያው ራሱ ሊጽፋቸው፣ መመሪያውም የት እንደሚገኙ ሊያሳይ ይገባል።

የትእዛዞች ዝርዝር በመጨረሻ ቢመጣ አይጎዳም፤ ከእሱ ይልቅ የከሸፈ አንድ ሥራ ከትእዛዙ እስከ ስህተት መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ቢቀርብ ለአዲስ ተጠቃሚ እጅግ ይጠቅማል።